አንድ ከተማ፣ ሦስት የጊዜ አቆጣጠር፦ በአዲስ አበባ አስተዳደር ካሳለፍኳቸው ዓመታት የተማርኩት

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበው ንግግር ግልባጭ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት የቋንቋ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



 የተሰጠኝ ርእስ «የከተማ አመራርና የሕዝብ አገልግሎት» የሚል ሰፊ ርእስ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ርእስ ሲሰጠው ሁለት ፈተና ይገጥመዋል፤ አንዱ ያለፈውን ማሞገስ፣ ሌላው የአሁኑን መውቀስ። ከሁለቱም ለመራቅ እሞክራለሁ።

የሥራ ታሪኬ ረጅም ቢሆንም አጭር ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ሆኜ ጀመርኩ። ከዚያ በወረዳ፣ ቆይቶም በክፍለ ከተማ፣ በመጨረሻ ደግሞ በከተማ ደረጃ በልዩ ልዩ ኃላፊነቶች አገልግያለሁ። ዛሬ የማነሣው ግን እኔ ምን ሠራሁ የሚለውን አይደለም። ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን አንድ ጥያቄ ለመመለስ ነው የመጣሁት፦ ዕቅዱ ጥሩ፣ ገንዘቡ የተመደበ፣ ሰዎቹም ቅን ሆነው ሳለ የከተማ ሥራ ስለምን ይበላሻል?

መልሴ ይህ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት የጊዜ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የሹሙ ጊዜ፣ የበጀቱ ጊዜና የነዋሪው ጊዜ። ሦስቱ እርስ በርሳቸው አይገናኙም። ከተማን መምራት ማለት በእኔ ግንዛቤ እነዚህን ሦስት አቆጣጠሮች ማስታረቅ ነው።

ከተማዋ የምትመራበት ሕግ በአጭሩ

ለነገሩ መንደርደሪያ እንዲሆን ጥቂት ስለ ሕጉ ልበል። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በቤተ መንግሥቱ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱና በመኳንንቱ ግቢዎች ዙሪያ ሰፈር በሰፈር የተሰባሰበች ከተማ ናት። ደጃች ውቤ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ያንን አሰፋፈር እስከ ዛሬ ያስታውሱናል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ በዚያው ዘመን ተቋቋሙ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ከተማዋ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላት፣ ተጠሪነቷም ለፌዴራል መንግሥት እንደሆነ ደነገገ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ምክር ቤቱን፣ ከንቲባውንና ካቢኔውን አደራጀ። የማዘጋጃ ቤት አገልግሎቶችንም በሥራ አስኪያጅ እንዲመሩ አደረገ።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ በሉልኝ። የሥራ አስኪያጁ ቦታ የተፈጠረው የፖለቲካው ወቅት ሲቀያየር የውኃው፣ የቆሻሻው፣ የመዝገቡ ሥራ እንዳይናወጥ ነው። ሕግ አውጪው የጊዜ አቆጣጠሮቹን አለመግባባት ገና ከጅምሩ ተረድቶት ነበር ማለት ይቻላል።

የሹሙ ጊዜ

የምክር ቤት የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ነው። የሹሙ ትክክለኛ ጊዜ ግን ከዚህ ያጥራል። ከ1995 እስከ 2012 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ስድስት ሰዎች በከንቲባነት፣ በባለአደራ አስተዳዳሪነት ወይም በምክትል ከንቲባነት አዲስ አበባን መርተዋል። ከንቲባ ሲለወጥ ካቢኔው ይለወጣል፤ ካቢኔው ሲለወጥ የክፍለ ከተማው፣ ከዚያም የወረዳው አመራር ይቀያየራል። እኔ ባገለገልኩባቸው ቦታዎች አንድ የወረዳ ኃላፊ በወንበሩ ላይ ሁለት ዓመት ከሞላ ብዙ ቆየ ይባል ነበር።

አጭር ጊዜ ያለው ሹም ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን ጊዜው ስለሚያስገድደው የሚታይ ሥራ ይመርጣል። የሚታይ ሥራ ማለት የመሠረት ድንጋይና ምረቃ ነው። ከመሬት በታች የሚቀበር የፍሳሽ መስመር ለሹም ጊዜ አይመችም፤ ገንዘብ ይበላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ሲያልቅም አይታይም።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። በኃላፊነት ላይ ሳለሁ የአንድ ጤና ጣቢያ ሕንፃ ተጠናቀቀ። የውኃ መስመሩ ግን አልገባም ነበር። የምረቃው ቀን አስቀድሞ ተቆርጧል፤ የበላይ አካልም ቀኑ እንዳይዛወር አጥብቆ አሳሰበ። እኔና የቴክኒክ ባልደረቦቼ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፤ «ይህ ሕንፃ ዛሬ ቢመረቅ ነገ የምትመጣው ወላድ እጅ የሚታጠብበት ውኃ አታገኝም» የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ምረቃው ለሰባት ሳምንት ተራዘመ። ደብዳቤው ጀግንነት አልነበረም። የተራዘመበት ምክንያት ስጋቱ በጽሑፍ ስለሰፈረ፣ በጽሑፍ የሰፈረውን ደግሞ ማንም ሹም «አላወቅሁም ነበር» ሊል ስለማይችል ነው። በሹሙ ጊዜ ውስጥ የባለሙያ ኃይል ይህች ናት፤ ቃሉን ወረቀት ላይ ማኖር።

የበጀቱ ጊዜ

ሁለተኛው አቆጣጠር የበጀቱ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ይህ የሒሳብ ሰው ብቻ ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን መንገዳችን ስለምን ቶሎ እንደሚቦረቦር ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ነገሩን ከወራት ጋር አብረን እንከተለው። በጀቱ ሐምሌ ሲጀምር ክረምቱም ገብቷል። ሐምሌና ነሐሴ በአዲስ አበባ ዝናብ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። በጀቱ ለመሥሪያ ቤቶች ይደለደላል፤ የሥራ ዝርዝር ይዘጋጃል፤ መስከረም ላይ የጨረታ ሰነድ መዘጋጀት ይጀምራል። ጨረታው ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ቅሬታ ቀርቦና ተሰምቶ ውል የሚፈረመው ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ነው። ተቋራጩ ማሽኑን ሲያስገባ ጥር ይሆናል። ወሰን የማስከበር ሥራ ካልተጠናቀቀ፣ ማለትም መንገዱ በሚያልፍበት ላይ ያለ አጥር፣ ቤት ወይም ምሰሶ ካልተነሣ፣ መጋቢት ይደርሳል። ግንቦት ሲያልቅ ሰማዩ ይዳምናል፤ ሰኔ 30 ደግሞ ያልተከፈለ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ሁሉም ይሯሯጣል። መሬቱ ረጥቦ፣ አፈሩ በቅጡ ሳይጠቀጠቅ ይነጠፋል። ክፍያው በወቅቱ ይፈጸማል፤ ሪፖርቱም «ዕቅዱ መቶ በመቶ ተከናውኗል» ይላል። አስፋልቱ ግን ያንኑ ክረምት አያልፍም።

እዚህ ላይ ሌላ ችግር ይደረብበታል። የከተማው መንገድና የከተማው ውኃ በከተማው አስተዳደር ሥር ናቸው። መብራትና ቴሌ ግን የፌዴራል ተቋማት ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ዕቅድና የራሱ በጀት አለው። ስለዚህ በመንገዱ ላይ የቆመውን ምሰሶ ከንቲባው በትእዛዝ ሊያስነሣው አይችልም፤ በደብዳቤ ይጠይቃል፣ የማንሻው ወጪ ይገመታል፣ ይከፈላል፣ ተራ ይጠበቃል። ነዋሪው ትናንት የተነጠፈ አስፋልት ዛሬ ለቱቦ ሲቆረጥ አይቶ «እነዚህ ሰዎች አይነጋገሩም እንዴ?» ይላል። ይነጋገራሉ። የሚነጋገሩት ግን ገንዘቡ ከተለቀቀ በኋላ ነው፤ መነጋገር የነበረባቸው ከዓመት በፊት ነበር።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። በምሠራበት ክፍለ ከተማ አንድ ደንብ ለራሳችን አወጣን፤ ንድፉ ያላለቀ፣ ወሰኑም ያልተጣራ ሥራ ለቀጣዩ ዓመት በጀት አይቀርብም። ማለትም ከበጀቱ በፊት ያለውን ዓመት ለዝግጅት ማዋል፤ የጨረታ ሰነዱን ሚያዝያ ላይ መጨረስ፤ ውሉን በክረምት ፈርሞ ማሽኑ መስቀል ሲያልፍ እንዲገባ ማድረግ። በዚህ አካሄድ በመጀመሪያው ዓመት ያስመዘገብናቸው ሥራዎች ቁጥር ቀነሰ፤ በግምገማም ተወቀስንበት። በሁለተኛው ዓመት ግን ከሰኔ ሩጫ ተገላገልን።

የነዋሪው ጊዜ

ሦስተኛው አቆጣጠር የነዋሪው ነው። እርሱ በሥራ ዘመንም ሆነ በበጀት ዓመት አይለካም፤ የሚለካው በሰው ዕድሜ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ነገር እንመልከት። በ1997 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ለኮንዶሚኒየም ተመዘገቡ። በ2005 ዓ.ም. እንደገና ምዝገባ ተደረገ፤ 10 በ90፣ 20 በ80 እና 40 በ60 የሚባሉት መርሐ ግብሮችም ያኔ ተዋወቁ። በ2014 ዓ.ም. የ14ኛው ዙር ዕጣ ሲወጣ ከ1997ቱ ተመዝጋቢዎች ገና የሚጠባበቁ ነበሩ። አሥራ ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። በተመዘገበበት ዓመት አንደኛ ክፍል የገባ ልጁ እስከዚያ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ያ ዕጣ ደግሞ በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል ተብሎ ተሰረዘና በ2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ለአስተዳደሩ ይህ የጥቂት ወራት መዘግየት ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ለጠበቀ ሰው ግን ጉዳዩ ከወራት በላይ ነው፤ የተነካው እምነቱ ነው። ሰው ረጅም ጊዜ ሊጠብቅ የሚችለው ወረፋው እውነተኛ መሆኑን እስካመነ ድረስ ብቻ ነው።

የነዋሪውን ጊዜ በይበልጥ ያስተማረኝ ግን ከመሐል ከተማ ሰዎችን የማንሣት ሥራ ነው። አንድ ሰፈር ለመልሶ ማልማት ሲመረጥ ይዞታ ያለው ሰው ለንብረቱ ካሳና ምትክ ቦታ ያገኛል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ወይ ኮንዶሚኒየም በቅድሚያ የመግዛት ዕድል፣ ወይ ሌላ የቀበሌ ቤት ይሰጠዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም መልስ አግኝቷል። ነገር ግን የቅድሚያ ክፍያው የሌላት እናት ዕድሏን ለሌላ ታስተላልፋለች፤ ወይም ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ትሄድና እንጀራ የምትሸጥላቸውን ደንበኞቿን ታጣለች። ጉሊት የሚሠራው ሰው በሚመላለስበት መንገድ ዳር ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ጉሊት የለም።

በአንድ ሰፈር የተነሺዎች ስብሰባ ላይ ስለ ካሬ ሜትር፣ ስለ ካሳ ተመንና ስለ ዕጣ አወጣጥ ለሁለት ሰዓት ያህል አስረዳን። በመጨረሻ አንዲት አረጋዊት ከኋላ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የቤቱስ ነገር ይሁን፤ እኔን ማን ይቀብረኛል?» አሉኝ። ለሠላሳ ዓመት በየወሩ የዕድር መዋጮ ከፍለዋል። የዕድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የእርሳቸውም ሀብት ነው። ባዘጋጀነው የንብረት ግምት ሰንጠረዥ ውስጥ ለቆርቆሮ ጣሪያ፣ ለጭቃ ግድግዳ፣ ለባሕር ዛፍም ጭምር ዓምድ ነበረው፤ ለዕድር ግን አልነበረውም።

የሚመለከተው ሕግ ያኔ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር፤ ካሳውም በንብረት ላይ ያተኮረ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ እንዲከፈል መደንገጉ እንደ እኚህ እናት ያሉ ሰዎች ለዓመታት ሲናገሩት የኖሩትን እውነት ሕግ እንደሰማው ያሳያል። እኛ በዚያን ጊዜ ማድረግ የቻልነው ጥቂት ነበር። የሰፈሩን ዕድሮች ዳኞች ጠርተን አባላቱን በስም ዝርዝር ያዝን፤ በተቻለ መጠን የአንድ ዕድር ሰዎች በአንድ አካባቢ እንዲመደቡ ጠየቅን። ለሁሉም አልተሳካም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ሰፈር ማንሣት በተነጋገርን ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ስንት ቤት?» ሳይሆን «ስንት ዕድር?» የሚል ሆነ።

የነዋሪው ጊዜ በትንሹም ይለካል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ተመለሱ» የምትለው ዐረፍተ ነገር ለመሥሪያ ቤቱ ምንም አታስወጣም። ለቀን ሠራተኛ ግን የአንድ ቀን ገቢና የሁለት ጊዜ የታክሲ ሒሳብ ናት። ሦስት ጊዜ የተመላለሰ ሰው በአራተኛው ጉዳይ ገዳይ ይፈልጋል። ሙስና ሁልጊዜ ከስግብግብነት ብቻ አይመነጭም፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለፈለው በነዋሪው ጊዜና በመሥሪያ ቤቱ ጊዜ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

በማንም አቆጣጠር ውስጥ የሌለው ሥራ

ከሦስቱም አቆጣጠሮች ውጪ የሚቀር አንድ ሥራ አለ፤ ጥገና። ለሹሙ ሪባን የለውም። ለበጀቱ አዲስ ፕሮጀክት አይደለም። ለነዋሪውም ነገሩ እስኪበላሽ ድረስ አይታወቀውም።

የቀበሌ ቤቶች ታሪክ የዚህ ዋና ማስረጃ ነው። ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ይህ ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብ በመሐል ከተማ ሊኖር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ኪራዩ በጥቂት ብር ላይ ለአሥርት ዓመታት ተተክሎ ቀረ። የሰበሰቡት ኪራይ የአንድ ጣሪያ ቆርቆሮ መግዣ አይሆንም። ቀበሌው አይጠግን፣ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት ለማደስ ፈቃድ አያገኝ። ግድግዳው አዘመመ፤ መጸዳጃው ለብዙ አባወራ የጋራ ሆነ። በመጨረሻ አንድ አጥኚ ቡድን ይመጣና «ይህ ሰፈር አርጅቷል፣ መፍረስ አለበት» ይላል። እውነቱን ነው፣ አርጅቷል። ሆኖም እርጅናው ከሰማይ አልወረደም፤ በየዓመቱ ያልተከፈለ የጥገና ወጪ ተጠራቅሞ የመጣ ነው። ጥገና ያልከፈለ ከተማ ዕዳውን በመፈናቀል ይከፍላል፤ ያም ዕዳ የሚወድቀው ኪራይ ሲከፍል በኖረው ላይ እንጂ ውሳኔውን በወሰነው ላይ አይደለም።

ከከተማዋ ወሰን ማዶ

ሌላው ወጣት ባለሙያዎች ቶሎ የማይረዱት ነገር ከተማዋ በካርታ ላይ የተሰመረው ክልሏ ብቻ አለመሆኗ ነው። ከምንጠጣው ውኃ ከፊሉ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ይመጣል፤ ግድቦቹ ያሉት ከአስተዳደሩ ወሰን ውጪ በኦሮሚያ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 49 ስለ ኦሮሚያ ልዩ ጥቅም የደነገገው ይህን የመሰለ ግንኙነት በማሰብ ነው። ውኃ ወደ ከተማዋ ይገባል፤ ቆሻሻ ደግሞ ከከተማዋ ይወጣል።

በቆሻሻ በኩል የደረሰብንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ረጲ፣ ሕዝቡ ቆሼ የሚለው ቦታ፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የከተማዋን ቆሻሻ ሲሸከም ኖረ። በሰንዳፋ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠርቶ ሥራ ጀመረ፤ ነገር ግን በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆመና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከክምሩ ሥር ቤት ሠርተው፣ ከክምሩ ላይ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ።

ያንን ቀን በስታትስቲክስ መናገር ይከብደኛል። እንደ ትምህርት ግን መነገር አለበት። አዲስ ማስወገጃ በጥሩ ንድፍ ሊሠራ ይችላል። የሚኖርበት ሕዝብ ግን «ይህ ለእኔ ምን ያመጣልኛል? ሽታው፣ የከብቴ ውኃስ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ሰው ግንባታው ሳይጀመር በፊት መኖር አለበት። የገበሬውን ጊዜ ሳይጠይቁ የሄዱበት ሥራ ወደኋላ ይመለሳል፤ የመመለሱም ዋጋ እጅግ ከባድ ሊሆን ይችላል።

ሦስቱን የሚያስታርቀው መዝገብ

እንግዲህ እነዚህን አቆጣጠሮች ምን ያስታርቃቸዋል? ብዙዎች «ቆራጥ መሪ» ይሉኛል። ቆራጥነትን አልንቅም፤ ነገር ግን ቆራጡ መሪም ይሄዳል። ሹም ሲሄድ፣ በጀት ሲዘጋ የሚቀረው መዝገቡ ነው። የመዝገብ ሠራተኛ ሆኜ ስለጀመርኩ ለሙያዬ አድልቼ እንዳይመስላችሁ፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

በከተማችን ብዙ ሰዎች ካርታ ሳይኖራቸው ለረጅም ዘመን ኖረዋል። ሰነድ አልባ እንላቸዋለን። መብታቸውን ለመወሰን አስተዳደሩ ከሚጠቀምባቸው ማስረጃዎች ዋነኞቹ የ1988 እና የ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶግራፎች ናቸው። አስቡት፤ አንድ ሰው ተወልዶ ያደገበት ግቢ የእርሱ መሆኑን የሚመሰክርለት ጎረቤቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ከሰማይ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ያን ፎቶግራፍ ያስነሣው፣ በሥርዓት ያስቀመጠው ባለሙያ ዛሬ ስሙ አይታወቅም። ሥራው ግን ከብዙ ንግግር ይልቅ ብዙ ቤተሰብ ታድጓል። አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይዞታዎች ከመብት፣ ከክልከላና ከኃላፊነት ጋር እንዲመዘገቡ ሲደነግግ የነዋሪው መብት በሹም መልካም ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል ለማድረግ ነው።

በተግባር ሦስት ልማዶችን ለራሴና አብረውኝ ለሠሩት አስለምጄ ነበር፤ ለእናንተም አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ እንቢታ በጽሑፍ ይሁን። ጥያቄው የማይፈቀድ ከሆነ የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ እንደከለከለው ተጽፎ ለባለጉዳዩ ይሰጠው። በጽሑፍ የተከለከለ ሰው ይግባኝ ሊል ይችላል። በቃል የተመለሰ ሰው ግን የሚይዘው ነገር የለውም።

ሁለተኛ፣ ርክክብ የቁልፍና የመኪና ብቻ አይሁን። ወንበር የሚለቅ ኃላፊ ቃል የገባቸውን ነገሮች፣ ለማን፣ በምን ቀን፣ የት እንደደረሱ ዘርዝሮ ያስረክብ። መንግሥት ለነዋሪው የገባው ቃል በሹሙ መነሣት አይሻርም።

ሦስተኛ፣ በየበጀቱ ውስጥ ጥገና የራሱ መደብ ይኑረው፤ አዲስ ፕሮጀክት በመጣ ቁጥር ከእርሱ እየተቀነሰ አይወሰድ። ከክረምት በፊት የጎርፍ ቱቦ ማጽዳት ለሚዲያ አይመችም፤ ነገር ግን በሐምሌ ሌሊት የሰው ቤት ጎርፍ እንዳይገባበት የሚያደርገው እርሱ ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ነገ ወረዳ ላይ የምትመደቡ፣ ክፍለ ከተማ የምትመሩ ትኖራላችሁ። የጠረጴዛው ስፋት፣ የመኪናው ዓይነት ቶሎ ይለመዳል፣ ቶሎም ይረሳል። ፊርማችሁ ግን ከእናንተ በኋላ ይኖራል፤ የማታውቁት ሰው ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ማህደሩን ከፍቶ ያነበዋል። ስትፈርሙ ያንን ልጅ አስቡ። 

ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ያላመኑበት ትእዛዝ ደርሶዎት ያውቃል? በዚያን ጊዜ ስለምን ሥራ አልለቀቁም?

መልስ፦ ደርሶኛል፤ ያልደረሰው የመንግሥት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። ሁለት ዓይነት ትእዛዝ አለ። አንዱ ሕግ የሚጥስ ነው፤ ያንን በጽሑፍ ስጡኝ እላለሁ። ብዙውን ጊዜ በጽሑፍ አይመጣም፤ ጉዳዩም እዚያው ያበቃል። ሁለተኛው ሕጋዊ ሆኖ እኔ ግን ጥሩ ነው ብዬ የማላምንበት ነው። እዚያ ላይ አስተያየቴን አስመዘግባለሁ፤ ውሳኔው ግን የተመረጠው አካል ነው። ባለሙያ ባልወደደው ውሳኔ ሁሉ ሥራ ከለቀቀ መሥሪያ ቤቱ ምንም ለማይጠይቁ ሰዎች ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ እየተካሄደ ስላለው የኮሪደር ልማት ምን ይላሉ?

መልስ፦ እኔ ከሥራ ከወጣሁ በኋላ የተጀመረ ስለሆነ የምናገረው እንደ አንድ ነዋሪ ነው። የእግረኛ መንገዱና መብራቱ ለከተማዋ እንደሚያስፈልጓት አልጠራጠርም፤ በእኛ ዘመን እግረኛ ከመኪና ጋር እየተጋፋ ነበር የሚሄደው። የምጠይቀው ዛሬ ባነሣኋቸው መለኪያዎች ነው። የተነሡት ሰዎች በቂ ጊዜ አግኝተዋል ወይ? ዕድራቸው፣ ገበያቸው፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት የት ደረሰ? ለተተከለው ዛፍና ለተነጠፈው ድንጋይ የአምስት ዓመት የጥገና በጀት ተይዟል ወይ? እነዚህን መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም። ልማቱ ለልጅ ልጅ እንዲደርስ መፈለግ ነው። እናንተ ተመራማሪዎች ናችሁ፤ ሄዳችሁ ቁጠሩ፣ ጠይቁ፣ መዝግቡ።